እጅ መታጠብን ያስተማረው ሐኪም ለምን ተሸነፈ?

እ.ኤ.አ. ማርች 20 ቀን 2020፣ ኮሮና ዓለምን ቤት ባስቀመጠበት ሰሞን፣ ጉግል በመፈለጊያ ገጹ ላይ እጅ እንዴት እንደሚታጠብ የሚያሳይ ተንቀሳቃሽ ሥዕል አውጥቶ ነበር። ሥዕሉ ኢግናዝ ሴመልዋይስ ለሚባል የሃንጋሪ ተወላጅ ሐኪም መታሰቢያ ነው። ዛሬ ቡዳፔስት ውስጥ በስሙ የሚጠራ ትልቅ የሕክምና ዩኒቨርሲቲ አለ። የእናቶች አዳኝም ይሉታል።

ሲሞት ግን እንዲህ አልነበረም። በ47 ዓመቱ፣ ቪየና በሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ውስጥ፣ አብዛኞቹ የሙያ ባልደረቦቹ ሳይቀበሉት ነው የሞተው። ያገኘው ነገር ስህተት ስለነበረ አይደለም። ትክክል ነበር፤ ማስረጃም ነበረው።

እኔ የዚህን ሰው ታሪክ ደጋግሜ የማነበው ለዚህ ነው። ስለ ስኬት ሲወራ ሁሌም የምንሰማቸው ምክሮች አሉ፤ ጠንክሮ መሥራት፣ በራስ መተማመን፣ ተስፋ አለመቁረጥ። ሴመልዋይስ ሦስቱም ነበሩት። የጎደለው ሌላ ነገር ነው። ለጎደለው ነገር ትልቁን ዋጋ የከፈሉት ደግሞ ስሙን እንኳን ሰምተው የማያውቁ እናቶች ናቸው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ።)

ሁለት ክፍሎች፣ ሁለት ዓይነት ዕድል

ሴመልዋይስ የተወለደው በ1818፣ ዛሬ የቡዳፔስት አንዱ ወገን በሆነችው በቡዳ ከተማ ነው። አባቱ ደህና ገቢ ያለው የሸቀጣ ሸቀጥ ነጋዴ ነበር። ልጁ ቪየና የሄደው ሕግ ሊማር ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ወደ ሕክምና ዞረና በ1844 ተመረቀ። መጀመሪያ የፈለገው የሕክምና ዘርፍ አልተሳካለትም። ስለዚህ ያኔ ብዙም የማይከበረውን የማዋለድ ሙያ ያዘ። በ1846 በቪየና ጠቅላላ ሆስፒታል አንደኛ የማዋለጃ ክፍል ውስጥ የፕሮፌሰር ዮሐን ክላይን ረዳት ሆነ።

ሆስፒታሉ ድሆች እናቶችን በነፃ ያዋልድ ነበር፤ በምትኩ ተማሪዎች ይማሩባቸዋል። የማዋለጃ ክፍሎቹ ሁለት ናቸው። በአንደኛው ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች፣ በሁለተኛው አዋላጆችና የአዋላጅነት ተማሪዎች ይሠራሉ። አንዲት እናት የትኛው ክፍል እንደምትገባ የሚወስነው የመጣችበት ቀን ነው። ዛሬ አንደኛው ከተቀበለ ነገ ሁለተኛው ይቀበላል።

አሁን ቁጥሩን እዩት። ከ1841 እስከ 1846 ባሉት ስድስት ዓመታት በአንደኛው ክፍል ከ20,042 ወላዶች 1,989 ሞተዋል፤ ከመቶ አሥር ያህል ማለት ነው። በሁለተኛው ክፍል ከ17,791 ወላዶች የሞቱት 691 ናቸው፤ ከመቶ አራት አይሞሉም። ሆስፒታሉ አንድ፣ ከተማው አንድ፣ እናቶቹም ያው ድሆች። ገዳዩ የአራስ ትኩሳት የሚባለው በሽታ ነበር።

የከተማው ሴቶች ይህን ያውቁ ነበር። በአንደኛው ክፍል ተራ ቀን ምጥ የመጣባት ሴት ተንበርክካ ወደዚያ እንዳያስገቧት ትለምናለች። አንዳንዶቹ ሆን ብለው መንገድ ላይ ይወልዱና እየመጡ ሳለ እንደደረሰባቸው አስመስለው ይገባሉ። የሚገርመው፣ መንገድ ላይ የወለዱት በአንደኛው ክፍል ሐኪም ካዋለዳቸው ይልቅ በሕይወት ይተርፉ ነበር።

የጠቀመው ልማድ፦ ምክንያት ሲሰጡት ማጣራት

ኢኮኖሚክስ ስንማር እንዲህ ዓይነቱን ሁኔታ የተፈጥሮ ሙከራ እንለዋለን። ማንም አስቦ ያላዘጋጀው፣ ግን ሁለት የሚነጻጸሩ ቡድኖችን ጎን ለጎን ያስቀመጠ አጋጣሚ ነው። ቁጥሩ የሆስፒታሉ መዝገብ ላይ ነበር፤ ማንም ማየት ይችል ነበር። ሌሎቹ አይተው አለፉ። ሴመልዋይስ ግን እንቅልፍ አጣ።

በዘመኑ የሚሰጡት ማብራሪያዎች ብዙ ናቸው። የተበከለ አየር ነው ተባለ፤ እሱ ግን ሁለቱም ክፍሎች ያንኑ አየር ነው የሚተነፍሱት አለና ጣለው። መጨናነቅ ነው ተባለ፤ ሲያጣራ ይበልጥ የሚጨናነቀው ሴቶቹ የሚሸሹበት ሳይሆን የሚሸሹት ወደ እሱ የሆነው ሁለተኛው ክፍል ነው። በሁለተኛው ክፍል እናቶች በጎናቸው ተኝተው እንደሚወልዱ አየና በአንደኛውም እንደዚያ አስደረገ፤ ለውጥ የለም። ለሟች ጸሎት የሚያደርስ ቄስ ደወል እያስደወለ በአንደኛው ክፍል መሃል ያልፍ ነበርና ፍርሃቱ ይሆን ብለው የጠረጠሩ ነበሩ። ቄሱን ለምኖ መንገዱን አስቀየረው፣ ደወሉንም አስተወው። አሁንም ለውጥ የለም።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ይህ ሰው የሚገርም ልማድ ነበረው። የሚመስል ምክንያት ሲሰጡት አሜን ብሎ አይቀበልም፤ ንቆም አይተወውም። አንድ በአንድ ይሞክረዋል። ካልሠራ ይሰርዘውና ወደሚቀጥለው ይሄዳል። የራሱ ግምት ሲወድቅበትም ሌላ ይፈልጋል እንጂ አይሟገትለትም።

መልሱ የመጣው በሐዘን ነው። በ1847 ለአጭር እረፍት ቬኒስ ሄዶ ሲመለስ፣ ወዳጁ ፕሮፌሰር ያኮብ ኮሌችካ ሞቶ ጠበቀው። አስከሬን ሲመረመር የአንድ ተማሪ ቢላ ጣቱን ወግቶት ነበር። ሴመልዋይስ የወዳጁን የምርመራ ውጤት ሲያነብ የሚያውቀውን ነገር አገኘ፤ ሰውነቱ ላይ የታየው ጉዳት በአራስ ትኩሳት ከሞቱት እናቶች ጋር አንድ ዓይነት ነው።

ከዚያ ሁሉም ነገር ገጠመ። ሐኪሞቹና ተማሪዎቹ ጠዋት አስከሬን ይመረምራሉ፤ ከዚያው ተነሥተው ማዋለጃ ይገባሉ። አዋላጆቹ አስከሬን አይነኩም። ልዩነቱ እጅ ላይ ነበር።

በሜይ 1847 አጋማሽ ላይ ትእዛዝ ሰጠ። ማዋለጃ የሚገባ ሁሉ ዛሬ በረኪና ከምንለው ጋር በሚቀራረብ የክሎሪን ውኃ እጁን እንዲታጠብ። በኤፕሪል ከመቶ እናቶች 18 ሞተው ነበር። በጁን ሞቱ ከመቶ ወደ ሁለት ወረደ። በቀጣዩ ዓመት በ1848፣ በአንደኛው ክፍል ከ3,556 ወላዶች የሞቱት 45 ብቻ ናቸው። በዚያ ዓመት ውስጥ አንዲትም እናት ያልሞተችባቸው ሁለት ወራት ነበሩ።

ገና 30 ዓመት ሳይሞላው ነው ይህን ያደረገው።

ለምን አልሰሙትም?

ለእሱም ለእነሱም ፍትሐዊ እንሁን። ነገሩን ለመቀበል ከባድ የሚያደርጉ እውነተኛ ምክንያቶች ነበሩ። ጀርሞች በሽታ እንደሚያመጡ ገና አልታወቀም። ፓስተር በወላዶቹ ደም ውስጥ ተህዋሲያኑን ያሳየው ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ በ1879 ነው። ሴመልዋይስ መታጠብ እንደሚሠራ እንጂ ለምን እንደሚሠራ በሙሉ ማስረዳት አይችልም ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት ይከብዳል። የሱን ሐሳብ መቀበል ማለት አንድ የተከበረ ፕሮፌሰር ዕድሜ ልኩን ሊያድናቸው የደከመላቸውን እናቶች በገዛ እጁ ሲገድል እንደኖረ ማመን ነው። ሴመልዋይስ ራሱ ይህን ስለ ራሱ አምኗል፤ አስከሬን እንደሱ አብዝተው የመረመሩ አዋላጅ ሐኪሞች ጥቂት ነበሩና። ሁሉም ግን ያንን መሸከም አይችልም።

ፖለቲካውም ነበር። 1848 በቪየናም በሃንጋሪም አብዮት የፈነዳበት ዓመት ነው። አለቃው ክላይን የድሮው ሥርዓት ሰው ነበር፤ ረዳቱንም አይወደውም። በ1849 የሴመልዋይስ የሥራ ዘመን ሲያበቃ አልታደሰለትም።

እስከዚህ ድረስ ያለው የተለመደው ትረካ ነው፤ ብልሁ ወጣት፣ ክፉዎቹ ሽማግሌዎች። ፌስቡክ ላይ የሚዞረውም ይኸው ነው። እኔ ግን ታሪኩ በዚህ ብቻ የሚያልቅ አይመስለኝም።

ዝም አይነቅዝም?

ሴመልዋይስ ብቻውን አልነበረም። በቪየና ሕክምና ትምህርት ቤት ስማቸው የገነነ ሦስት ሰዎች፣ ሮኪታንስኪ፣ ሽኮዳና ሄብራ፣ ከጎኑ ቆመው ነበር። ዛሬ አንድ ወጣት ተመራማሪ እንዲህ ዓይነት ደጋፊ ቢያገኝ ሎተሪ እንደወጣለት ነው የሚቆጠረው። ሦስቱም ጻፍ አሉት። አልጻፈም።

ሄብራ በ1847 መጨረሻና በ1848 በሕክምና መጽሔት ላይ ስለ ግኝቱ በራሱ ስም ጻፈለት። ሽኮዳ በ1849 በሳይንስ አካዳሚ ንግግር አደረገለት። ባለቤቱ ግን ዝም። በ1850 በቪየና ሐኪሞች ማኅበር ፊት ቀርቦ ተናገረ፤ ጥሩ ተቀባይነትም አገኘ። ይሁን እንጂ የንግግሩን ሙሉ ጽሑፍ ለሕትመት አላስረከበም።

እኛ ዝም አይነቅዝም የሚል ተረት አለን። ለሐሜትና ለጠብ ጥሩ ምክር ነው። ለሚያድን እውቀት ግን አይሠራም፤ እዚያ ላይ ዝምታ በደንብ ይነቅዛል። ምን እንደሆነ እዩ። ባለቤቱ ዝም ሲል ሌሎች በሰሙት መጠን ተናገሩለት። ወደ ሌሎች አገሮች የደረሰው ወሬ ችግሩ የአስከሬን ብናኝ ብቻ እንደሆነ የሚናገር ነበር። እሱ ግን በዚያው በ1847 መጨረሻ ከዚህ አልፎ ሄዷል። የማኅፀን ካንሰር ያለባትን አንዲት ሴት ከመረመሩ በኋላ በተከታታይ የተመረመሩት እናቶች ሲሞቱ፣ መርዙ በሕይወት ካለ ሰውም ሊመጣ እንደሚችል ተረድቶ ነበር። ይህ ሰፊው ሐሳብ በወቅቱ በደንብ አልተሰራጨም። ስለዚህ ሐኪሞቻቸው አስከሬን የማይነኩ ሆስፒታሎች ነገሩ እኛን አይመለከትም ብለው አለፉት።

ገበያ ላይ መረጃ ሲጎድል ጥሩው ዕቃ ሳይሸጥ እንደሚቀር ማንም የኢኮኖሚክስ ተማሪ ያውቃል። ገዢው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ጥሩውን ከመጥፎው የሚለይበት ነገር ስለሌለው ነው። ሴመልዋይስ መለያውን መሳቢያው ውስጥ ቆልፎ ገዢው ለምን አይገዛኝም ብሎ ይናደድ ነበር።

ሥራዬ ራሱ ይናገራል የሚል አመለካከት በብዙ ጎበዝ ወጣቶች ላይ አያለሁ። ኮዱን ይጽፋል፣ ሰነዱን አያዘጋጅም። ጥናቱን ይጨርሳል፣ ለአለቃው ሁለት ገጽ ማጠቃለያ መጻፍ ይከብደዋል። መናገር ጉራ ይመስለዋል። የሴመልዋይስን ቁጥር አስቡት እስቲ። ከመቶ 18 ወደ ሁለት! ይህም ሥራ እንኳን ራሱ አልተናገረም።

ሳይሰናበት ሄደ

በ1850 ቪየና የማስተማር ፈቃድ ሰጠችው፤ ግን ከጠበቀው ያነሰ ነበር። ተማሪዎቹን ማሠልጠን የሚፈቀድለት በአስከሬን ሳይሆን በአሻንጉሊት ብቻ ነው ተባለ። ውርደት ሆኖ ተሰማው። በቀናት ውስጥ ዕቃውን ሸክፎ ወደ ፔስት ሄደ። ስሙን ተሸክመው ለዓመታት የተሟገቱለትን ወዳጆቹን እንኳን አልተሰናበተም። ሽኮዳ ከዚያ በኋላ ተቀይሞት ቀረ።

ፔስት ውስጥ እንደገና ተሳካለት። በቅዱስ ሮኩስ ሆስፒታል ከ1851 እስከ 1857 ባሉት ዓመታት ከ933 ወላዶች በአራስ ትኩሳት የሞቱት ስምንት ብቻ ናቸው። በ1855 ፕሮፌሰር ሆነ፤ በ1857 አገባ። ሕይወቱ የተረጋጋ ይመስል ነበር። ቪየና ግን እሱ ከሄደ በኋላ ወደ ድሮዋ ተመለሰች፤ በ1850ዎቹ ውስጥ የእናቶች ሞት እንደገና አሻቀበ።

ዋናውን መጽሐፉን ያወጣው በ1861 ነው። ግኝቱ ከተገኘ 14 ዓመት ሊሞላው! ቢወጣም ለማንበብ የሚያስቸግር ነበር። ረጅም ነው፣ ይደጋግማል፣ ብዙ ገጹ ማስረጃ ከማቅረብ ይልቅ ከተቃዋሚዎች ጋር ለመካሰስ የዋለ ነው። አንዳንድ ጥሩ ያልሆኑ ግምገማዎች ሲወጡ በየከተማው ላሉ ስመ ጥር የማዋለድ ፕሮፌሰሮች ግልጽ ደብዳቤ ማሳተም ጀመረ። በእነዚያ ደብዳቤዎች ውስጥ ያልተቀበሉትን ሰዎች በስማቸው ጠርቶ ነፍሰ ገዳዮች አላቸው።

ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል የሚሉት አባቶቻችን ለዚህ ነው። ከደብዳቤዎቹ ተቀባዮች መካከል ለመስማት ዝግጁ የሆኑ ነበሩ። በከፊል የተቀበሉትም ነበሩ። ነፍሰ ገዳይ ከተባለ በኋላ ግን ሰው የሚያስበው ስለ እጅ መታጠብ አይደለም፤ ስለ ስሙ ነው።

ንዴቱ ትክክል አልነበረም ወይ? ነበር። እናቶች በየቀኑ እየሞቱ ነው፤ መድኃኒቱ ውኃና ክሎሪን ነው፤ ማን አይናደድም? እኔ በንዴቱ አልፈርድበትም። የማስበው ስለ ሒሳቡ ነው። እሱ የተናገረው ከባድ ቃል የእሱን ልብ አቀለለ፤ የዚያን ፕሮፌሰር ልብ ግን ዘጋ። በዚያ ፕሮፌሰር ሆስፒታል በማግስቱ ምጥ ይዟት የገባችው ሴት ናት ከፋዩዋ።

መጨረሻው

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ጠባዩ እጅግ ተለወጠ። ይረሳል፣ ይቆጣል፣ በማንኛውም ጨዋታ መሃል ወደ አራስ ትኩሳት ይመለሳል። ይህኛውን ክፍል ከአመለካከት ጋር ማደባለቅ አልፈልግም፤ አእምሮው ታሞ ነበር፣ በሽታ ደግሞ የማንም ጥፋት አይደለም። በጁላይ 1865 መጨረሻ ቤተሰቡ ወደ ቪየና ወሰደው። የድሮ ወዳጁ ሄብራ ተቀብሎ፣ የሕክምና ተቋም ሊያስጎበኘው እንደሆነ በማስመሰል ወደ አእምሮ ሕሙማን ማቆያ አስገባው። ለመውጣት ሲታገል ጠባቂዎች ደበደቡት። ቁስሉ አመረቀዘ፤ ኦገስት 13 ቀን ሞተ። የገደለው ዕድሜውን ሙሉ ሲታገለው የኖረው ዓይነት የደም መመረዝ ነው።

ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1867፣ ጆሴፍ ሊስተር የተባለ በስኮትላንድ የሚሠራ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ቁስልን በፀረ ተህዋስያን ስለማከም ላንሴት በተባለው መጽሔት ላይ ተከታታይ ጽሑፍ አወጣ። እሱም ብዙ ተቃውሞ ደርሶበታል። እርግጥ የፓስተር ሥራ ስለቀደመው ለምን የሚለውን ማስረዳት ይችል ነበር፤ ያ ትልቅ ልዩነት ነው። ሌላው ልዩነት ግን አሠራሩ ነው። ውጤቱን ቶሎ ቶሎ ያትም ነበር፣ ለጎብኚዎች እየሠራ ያሳይ ነበር፣ ያልተስማማውን መንገድ ደግሞ ራሱ ያሻሽል ነበር። ሊስተር በሕይወት እያለ ተከበረ።

ለእኛ ምን ይሆነናል?

አንደኛ፣ የሴመልዋይስን ጥሩ ልማድ እንውሰድ። አንድ ችግር ሲያጋጥማችሁ፣ የሱቃችሁ ሽያጭ ቢቀንስ፣ ፈተና ደጋግማችሁ ብትወድቁ፣ የሚመስለውን ምክንያት ሁሉ ጽፋችሁ አንድ በአንድ አጣሩ። ዕድሌ ነው፣ ሰው ቀንቶብኝ ነው የሚሉት የእኛ ዘመን የተበከለ አየር ናቸው።

ሁለተኛ፣ ያገኛችሁትን ቶሎ ጻፉት። ፍጹም እስኪሆን አትጠብቁ። ስልካችሁ ላይ ያለው ማስታወሻ ይበቃል፤ ግን ሌላ ሰው አንብቦ ሊረዳው በሚችል መንገድ ይሁን። እናንተ ካልነገራችሁት ሌላው በጎደለ መልኩ ይነግርላችኋል።

ሦስተኛ፣ ጥያቄን ከስድብ ለዩ። ግማሹን የተቀበለ ሰው ጠላት አይደለም፤ ግማሽ መንገድ የመጣ ሰው ነው። ቀሪውን ግማሽ እንዲመጣ የምታደርጉት ስም በመለጠፍ አይደለም።

አራተኛ፣ ስትለቁ ተሰናብታችሁ ልቀቁ። ከሥራ፣ ከማኅበር፣ ከቡድን። የተገፋችሁበት ቦታ ውስጥም ለእናንተ የተሟገተ አንድ ሰው ይኖራል።

ይህን ሁሉ ስል ጥፋቱን ሁሉ ወደ ሴመልዋይስ እያዞርኩ አይደለም። ማስረጃ ቀርቦላቸው ፊታቸውን ያዞሩ ሰዎች ድርሻቸው ትልቅ ነው። ግን የእነሱን ልብ መቀየር በእጁ አልነበረም። መጻፍ፣ ማስረዳት፣ ወዳጆቹን መያዝ ግን በእጁ ነበሩ። ሴቶቹ በዚያ የቪየና ሆስፒታል በር ላይ ተንበርክከው ሲለምኑ የነበረው ደግሞ ስለማን ትክክለኛነት ጉዳያቸው ሆኖ አይደለም፤ ልጃቸውን ታቅፈው ወደ ቤት መመለስ ነበር የፈለጉት።

ቸር እንሰንብት።